ተፈሪ መኮንን፣ እንጦጦ፦ የአንድ ግቢ መቶ ዓመት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ከስድስት ኪሎ ተነሥታችሁ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ ስትይዙ ታገኙታላችሁ። በዕድሜ የገፉት ሰዎች «ተፈሪ መኮንን» ይሉታል። በደርግ ዘመን የተማሩት «እንጦጦ አጠቃላይ» ይሉታል። የዛሬዎቹ ወጣቶች የሚያውቁት ደግሞ በእንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅነቱ ነው። ሦስቱም የሚያወሩት ስለዚያው ስለ አንድ ግቢ ነው።

ይህ ግቢ በ2017 ዓ.ም. መቶ ዓመት ሞላው። በመቶ ዓመት ውስጥ መንግሥት ሲለወጥ ስሙ ተለውጧል፤ የማስተማሪያ ቋንቋው ተለውጧል፤ የሚገባው ተማሪ ዓይነትም ተለውጧል። ከሁሉ የሚያከራክረው ግን የመጨረሻው ለውጥ ነው። «ያ ታላቅ ትምህርት ቤት ቴክኒክና ሙያ ሆኖ ቀረ» ብለው የሚቆጩ ብዙ ሰዎች አሉ። ቁጭታቸውን እረዳለሁ፤ በፍርዳቸው ግን አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ለማስረዳት ከመነሻው ልጀምር።

ጊዜው 1917 ዓ.ም. ነው። በዙፋኑ ላይ ንግሥት ዘውዲቱ አሉ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ናቸው። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ከአውሮፓ ጉብኝታቸው ተመልሰዋል። ፓሪስንና ለንደንን አይተው፣ አገራቸው በዚያ ዓለም ፊት ልትቆም የምትችለው በምን ዓይነት ሰዎች እንደሆነ ሲያስቡ ከርመዋል። በተመለሱ ዓመት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም.፣ በግል ገንዘባቸው ያሠሩትን ትምህርት ቤት በስማቸው መርቀው ከፈቱ።

በምረቃው ዕለት መኳንንቱ ተሰብስበው ነበር። አልጋ ወራሹ ያስተላለፉት መልእክት ባጭሩ፣ አገርን መውደድ በአፍ ብቻ እንዳይቀር፣ ልጆቻችሁን አስተምሩ፣ እናንተም ትምህርት ቤት ሥሩ የሚል ነበር። ዛሬ ቀላል ምክር ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን ቀላል አልነበረም። ልጅን ለፈረንጅ ትምህርት መስጠት ሃይማኖቱን ማስለወጥ ነው የሚል ፍራቻ በብዙ ቤት ውስጥ ነበረ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፍቱም ያው ችግር ገጥሟቸው፣ ነገሩ የበረደው ከአቡነ ማቴዎስ ጋር ተስማምተው መምህራኑን ከግብፅ ከቅብጦች ወገን በማስመጣት ነበር። ራስ ተፈሪ ይህን ታሪክ ያውቃሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን በኃላፊነት የሚመራ ሰው ሲመርጡ፣ ዘመናዊ ዕውቀት ያለው ሆኖ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው መረጡ።

ያ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። የእሳቸውን ታሪክ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ስትወድቅ፣ በጦርነቱ ማግስት ከወላጆቹ የተለየ አንድ ሕፃን ተገኘ። የእንግሊዝ መኮንኖች ወስደው ሕንድ አገር አሳደጉት፤ ቻርልስ ማርቲን የሚል ስም ወጣለት። ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ፤ ስኮትላንድም ሄዶ ትምህርቱን ጨመረ፤ በበርማ በሐኪምነት ብዙ ዓመት አገለገለ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ጎልማሳ ሐኪም ሆኖ፣ የእናት ቋንቋው ጠፍቶት ነበር። ዘመዶቹ የኛ ልጅ ነው ብለው ቀረቡ። አያቱ ያወቁት በገላው ላይ በነበረው የልጅነት ጠባሳ ነው። እንግዲህ ራሱ በጦርነት ከአገሩ ተነቅሎ በሰው አገር የተማረ ሰው፣ የኢትዮጵያ ልጆች በአገራቸው እንዲማሩበት የተከፈተውን ትምህርት ቤት እንዲመራ ተሾመ። ሐኪም ወርቅነህ በኋላ የጨርጨር ገዥ፣ በጦርነቱ ዋዜማም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ክፍሎች ነበሩት። ጎልቶ የወጣው ፈረንሳይኛው ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቷል፤ ኩባንያው የፈረንሳይ ነው። የዓለም ዲፕሎማሲም በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ይሠራ ነበር። መንግሥት የሚፈልገው ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ውል የሚያነብ፣ ከቆንስሎች ጋር የሚነጋገር፣ በፖስታና በቴሌግራፍ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። ትምህርት ቤቱም እንዲህ ያለውን ሰው ያዘጋጅ ጀመር። ከጎበዞቹ መካከል የመንግሥት ወጪ ተችሎላቸው ወደ ውጭ የሚሄዱ ነበሩ። ሴቶች ልጆች ግን ተራቸው እስኪደርስ ስድስት ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረባቸው፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ትምህርት ቤት ካለፉት አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ከጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት መጥተው አዲስ አበባ ላይ በስዊድን ሚሲዮን፣ ከዚያም በተፈሪ መኮንን ተማሩ። መምህር ሆኑ፤ ጦርነት ሲመጣ ዘመቱ፤ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ጣሊያን አገር ታሰሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሰጡን እሳቸው ናቸው። ቅኔ ቤቱና ዘመናዊው ትምህርት ቤት በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ ምን ሊወለድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የተማሪው ቁጥር ግን በጣም ትንሽ ነበር። በ1927 ዓ.ም. አካባቢ በመላ አገሪቱ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይማሩ የነበሩት 4 ሺሕ ያህል ልጆች ብቻ ናቸው። ዛሬ በአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻውን ይህን የሚጠጋ ተማሪ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የተማረው ወጣት በእጅ የሚቆጠር ነበር። ያ ጥቂት ወጣት ነው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋና ከዚያ በኋላ በተከተለው አፈና ተለይቶ የታደነው። ለጭፍጨፋው ሰበብ የሆነው ቦምብ በኢጣልያው ገዥ በግራዚያኒ ላይ የተወረወረው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ከትምህርት ቤቱ በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬድ ነው።

ግቢው ራሱስ ምን ሆነ? ወራሪው የኢትዮጵያ ልጆችን አስወጥቶ ሕንፃዎቹን ለአውሮፓውያን ልጆች ብቻ አደረጋቸው። አንደኛው ሊሴ ሆነ፤ ሌላው የሙሶሊኒን ስም የተሸከመ የቴክኒክ ተቋም ሆነ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ደግሞ የወታደር ሆስፒታል ተደረገ። አድማጮቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። የአገሬው ልጅ በራሱ አገር፣ በራሱ ትምህርት ቤት በር ላይ እንዳይገባ ተከለከለ። አምስቱ ዓመት የጎዳን በሞቱት ብዛት ብቻ አይደለም፤ መማር ሲገባቸው ባልተማሩትም ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ትምህርት ቤቱ እንደገና ተከፈተ። መጽሐፍ የለም፤ መምህር የለም፤ ተማሪው ደግሞ ዕድሜው ገፍቷል። የማስተማሪያ ቋንቋም እንግሊዝኛ እየሆነ መጣ፤ ከጦርነቱ በኋላ አብሮ የገባው የእንግሊዝ ተጽዕኖ ነበረና። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ማለትም አፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት የቀድሞው ራስ ተፈሪ፣ ያደረጉት ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በ1937 ዓ.ም. ከካናዳ፣ ከኩቤክ፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላትን ጠርተው ትምህርት ቤቱን አስረከቧቸው።

ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ኢየሱሳውያን ማለት በ17ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ሱስንዮስን ካቶሊክ አድርገው አገሪቱን ደም ያፋሰሰው ጠብ የተነሣባቸው፣ በኋላም አፄ ፋሲል ከአገር ያባረሯቸው ናቸው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የዚያው ማኅበር ሰዎች የኢትዮጵያን ልጆች እንዲያስተምሩ ተጋበዙ። ግን በቅድመ ሁኔታ ነው፤ የካህን ልብስ አይለብሱም፣ ሃይማኖት አይሰብኩም። እነሱም ተቀበሉ። ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ክፍል ገቡ፤ ሒሳብ፣ ሳይንስና ቋንቋ አስተማሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ዕውቀቱን ተቀብለው ስብከቱን በር ላይ ማስቀረታቸውን ከትልልቅ ውሳኔዎቻቸው አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ከውጭ የሚመጣን ነገር ሁሉ በጅምላ መቀበል ወይም በጅምላ መጣል ለለመድን ለእኛ፣ አሁንም የሚጠቅም ልምድ ነው።

የእነዚህ መምህራን መሪ ሉሲየን ማት ይባላሉ። ትምህርት ቤቱን እንደገና ካደራጁ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሌላ ሥራ ሰጧቸው፤ የአገሪቱን የመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንዲመሠርቱ። ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሳቸው ሆኑ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ትልቅ ተቋም ሥሩ ሲፈለግ አንደኛው ወደዚህ የእንጦጦ መንገድ ግቢ ይወስደናል።

ከዚህ በኋላ የትምህርት ቤቱ መልክ ተለወጠ። ከጦርነቱ በፊት ከተፈሪ መኮንን የወጣ ልጅ በቀጥታ ወደ መንግሥት ሥራ ይገባ ነበር። አሁን ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ መንገድ ሆነ፤ መድረሻው ዩኒቨርሲቲ ነው። ማትሪክ የሚባለው ፈተና የልጅን ዕድል የሚቆርጥ ሆነ። ማትሪክ ያለፈ ልጅ ያለበት ቤት ድግስ ይደገሳል፤ የወደቀበት ቤት ለቅሶ ቤት ይመስላል። ይህ ስሜት እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ትምህርት ቤቱ የዩኒቨርሲቲ ጎረቤት ሆነ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጩኸት ከዩኒቨርሲቲው አጥር ወጥቶ የአዲስ አበባን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ ያዘ። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ስድስት ኪሎ አቅራቢያ ሲገደል፣ ድንጋጤው የደረሰው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዘንድ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ 1966 ዓ.ም. መጣ። አብዮቱን ከቀሰቀሱት ነገሮች አንዱ የትምህርት ጉዳይ እንደነበር ብዙ ጊዜ ይረሳል። መንግሥት ሴክተር ሪቪው የተባለ የትምህርት ማሻሻያ ጥናት አስጠንቶ ነበር። ጥናቱ መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ እንዲዳረስ፣ ወደ ላይ የሚዘልቀው የቀለም ትምህርት ግን ጠበብ እንዲል፣ የሙያ ሥልጠና እንዲሰፋ ይል ነበር። መምህራንና ወላጆች ሲሰሙት የተረዱት በአንድ መንገድ ነው፤ የድሃው ልጅ ዶማና መዶሻ ይያዝ፣ የጌታው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይግባ የተባለ መሰላቸው። መምህራኑ በየካቲት ወር ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ተነሡ፤ ከተማው ተናጋ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሕዝቡ የተቆጣው በሙያ ትምህርት ላይ ነውን? አይመስለኝም። የተቆጣው ሙያ ለድሃ፣ ቀለም ለሀብታም ተብሎ በመመደቡ ነው። ቁጣው ተገቢ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ከቁጣው ጋር አብሮ የሙያ ትምህርት ራሱ መጠላቱ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከአብዮቱ በኋላ የነገሥታት ስም ከየተቋሙ ላይ ሲነሣ፣ ተፈሪ መኮንን የሚለውም ተነሣ፤ ትምህርት ቤቱ እንጦጦ ተባለ። የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደየገጠሩ ተላኩ። ብዙዎቹ ገበሬውን በቅርብ ያዩት ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ የመጣው የቀይ ሽብር ዘመን ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ልጆችን በልቷል፤ ይህን ያዩ መምህራን ዛሬም የልጆቹን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ይቆራረጣል።

በሰላሙ ጊዜ ደግሞ ሌላ ችግር ነበር፤ ብዛት። የትምህርት በር ለብዙኃኑ በመከፈቱ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ክፍሉ፣ ዴስኩና መጽሐፉ በዚያው ልክ አልጨመረም። ጠዋትና ከሰዓት በፈረቃ መማር የተለመደ ሆነ። በአንድ ዴስክ ሦስትና አራት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንድ መጽሐፍ ለጥቂት ልጆች በተራ ይዞራል። የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ የከሰዓቱ ፈረቃ በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። በዚያ ጊዜ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ያስታውሳል።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። በኋላ በወጣው አሠራር ተማሪው 10ኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ይፈተናል፤ ውጤት ያመጣው መሰናዶ፣ ያላመጣው ቴክኒክና ሙያ ይገባል። በመላ አገሪቱ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የተስፋፉት በዚህ ጊዜ ነው፤ የእኛም የእንጦጦ ግቢ ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛነት የዞረው በዚሁ ማዕበል ነው።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አተገባበሩ ግን ከጅምሩ እንከን ነበረበት፤ እሱም ሙያን የወደቀ ልጅ መሰብሰቢያ ማድረጉ ነው። አንድን ልጅ «ውጤት አልመጣልህም፣ ስለዚህ ብየዳ ተማር» ስትሉት፣ ብየዳውን ቅጣት አድርጋችሁበታል። አባትየው ለጎረቤት ለመናገር ያፍራል፤ እናትየው በግል ኮሌጅ ልክፈልልህ ትላለች። መሐንዲስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እየተማረ ነው ስንል በኩራት ነው፤ ያ መሐንዲስ የነደፈውን ብረት ቆርጦ የሚገጥመውን ሰው ግን በስሙ እንኳ አንጠራውም።

ይህ ንቀት ከፈተናው በፊትም ነበረ። የአካባቢውን ታሪክ ተመልከቱ። ከትምህርት ቤቱ ከፍ ስንል ሽሮ ሜዳ ነው፤ የሸማኔዎች ሰፈር። ወረድ ብሎ ወደ ጎን ቀጨኔ ነው፤ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር። አገሩን ሁሉ ያለበሱትና ምጣድና ጀበና የሰጡት እነዚህ ሰዎች ስንት ዘመን በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለሙያ መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ዘመናዊ ትምህርት ቤት በከፈቱበት ዘመን መሆኑን አስተውሉ። ትምህርቱን ተቀበልን፤ አዋጁን ግን አልሰማንም።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ቶርኖ ማሽን ላይ የቆመ ሠልጣኝ ሥራው ምን እንደሚመስል አስቡ። የብረት ዘንጉን ማሽኑ ጉንጭ ላይ ያስራል። መሐሉን ካልጠበቀ ሲዞር ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ፈትቶ እንደገና ያስራል። ዲያሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት እንበል። በአንድ ጊዜ አይቆርጥም፤ ትንሽ ይልጣል፣ ማሽኑን ያቆማል፣ በካሊፐር ይለካል፣ ይቀንሳል፣ እንደገና ይልጣል። የመጨረሻው ልጠት ከወረቀት የሳሳ ነው። ከመጠን በላይ ከቆረጠ መልሶ አይለጥፈውም፤ ዘንጉ ውዳቂ ብረት ሆኖ ይቀራል። ዘንጉ የሚገባበት ኩሺኔታ ጠብቆ እንዲይዝ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ልዩነት ዋጋ አለው። ይህን ለመሥራት ሒሳብ ያስፈልጋል፣ ሥዕል ማንበብ ያስፈልጋል፣ የብረቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ታዲያ ይህ ከምን አንሶ ነው ለደካማ ተማሪ የተመደበው?

ቁጥሩም ይህን ጥያቄ ያጠብቀዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ቀሪው ወጣት የት ይሂድ? የ10ኛ ክፍሉ ፈተና ቀርቷል፤ ሁለተኛ ደረጃም እንደ ድሮው እስከ 12ኛ ሆኗል። የሙያው በር ግን ያው ከኋላ እንደተሰቀለ ነው። በሩን ወደ ፊት ማምጣት አለብን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ልጁ ዎርክሾፕ ገብቶ ይይ፤ ሲኦሲ በሚባለው የብቃት ምዘና ተመዝኖ ያለፈ ባለሙያ በደመወዝም በክብርም ይታይ፤ ከደረጃ ወደ ደረጃ አድጎ ዲግሪ የሚደርስበትም መንገድ እውነተኛ ይሁን።

ስለዚህ «ተፈሪ መኮንን ወረደ» ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው። ትምህርት ቤቱ በ1917 ዓ.ም. አገሪቱ የጎደላትን ሰው ለማፍራት ተከፈተ፤ ያን ጊዜ የጎደላት ደብዳቤ ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበር። በ1940ዎቹ የጎደላት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ አዘጋጀላት። ዛሬ የጎደላት በእጁ የሚሠራ፣ ማሽን የሚጠግን፣ መብራት የሚዘረጋ ባለሙያ ነው። ግቢው ከሥራው አልወረደም፤ በሥራው ላይ ነው። የወረደ ነገር ካለ ለሙያ የምንሰጠው ዋጋ ነው፤ እሱን መመለስ ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው።

ከመሰናበቴ በፊት ሁለት ልመና አለኝ። በዚያ ግቢ የተማራችሁ፣ በየትኛውም ስሙ ቢሆን፣ ቤታችሁ ያለውን የክፍል ፎቶግራፍ፣ የውጤት ካርድና ደብተር አትጣሉት። ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ከጀርባው ጻፉ፤ ቅጂውንም ለኮሌጁ ስጡ። የሚያውቁት ሰዎች እያለፉ ነው። ወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ የሚቀጥለውን ትምህርቱን ከመምረጡ በፊት አንድ ቀን አቅራቢያችሁ ወዳለ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይዛችሁት ሂዱ። ዎርክሾፑን አብራችሁ እዩ፤ አሠልጣኙን ጠይቁ፤ የመጨረሻውን ውሳኔ ከዚያ በኋላ ወስኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)